ቀሪ ያልኋቸው ልጆች የነበሩበት ጕድጓድ

ፊደል በዜማ የቆጠርሁት ነገሌ፣ በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ነው። ዳዊት ደግሜ ጾመ ድጓ ጀምሬ ነበር፤ በኋላ ግን እንጀራዬ የመንግሥት መምህርነት ሆነ። መንግሥት ተለውጦ ትምህርት በኦሮምኛ ይሰጥ በተባለ ጊዜ፣ ቋንቋው ከጎረቤት ልጆች ጋር ያደግሁበት ስለ ሆነ፣ በአንድ ክረምት ሥልጠና ቁቤ የሚባለውን የላቲን ፊደል ተምሬ ከሜጋ የመኪና መንገድ ወጣ ብላ ወደምትገኝ መንደር ተመደብሁ። በዚያ ትምህርት ቤት ሲከፈት የመጀመሪያው ነበር። በጭቃ የተመረጉ ሁለት ክፍሎች፣ ከላያቸው ቆርቆሮ፣ ሌላ ምንም የለም።

ከቢሮ ስሰናበት የተነገረኝ ቃል ግልጽ ነበር። «በመንፈቀ ዓመቱ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ወንበሩ ባዶ ሆኖ ካገኘው ትምህርት ቤቱ ይዘጋል።»

ይህ ፍርሃት አጠነከረኝ። የእኔ የኔታ ያለ ምክንያት የቀረን ተማሪ አይምሩም ነበርና፣ እኔም በሳምንት ሁለት ቀን የቀረ ከመዝገብ ይሰረዛል ብዬ ደነገግሁ። በጋው ሲጠና ልጆቹ በየሦስተኛው ቀን ይጠፉ ጀመር። ስንፍና መሰለኝ፤ ሰረዝኋቸው። ከሁሉ ፈጥና ማንበብ የጀመረችውን ልጅ እንኳ አልማርሁም። በማግስቱ መጥታ ከመስኮቱ ውጭ ቆመች፤ የምናነበውን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትከተለን ነበር። እኔም እያየሁ እንዳላየ አለፍኋት። ይህን ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ።

ውስጥ የቀሩት ዐሥራ አንድ ሲሆኑ፣ የጕድጓዱን የውኃ ተራ የሚያስጠብቁት ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው መጡ። በአገሩ አጠራር አባ ሄሬጋ ይባላሉ።

«አካም፣ አባ መምህር? ናጋ? ከብቶችዎ ደኅና ናቸው?»

«ከብት የለኝም፣ አባቴ።»

«ከብት የለዎትም?» ብለው ሣቁ። «ታዲያ ቀኑን በምን ይቆጥሩታል? በሉ ነገ መዝገብዎን ይዘው ይምጡ። የጠፉብዎትን ልጆች አሳይዎታለሁ።»

በማግስቱ ተከትያቸው ሄድሁ። ወደ ጕድጓዱ የሚወርደው መንገድ መሬቱን እንደ ሸለቆ ሰንጥቆ የተቆፈረ ነው፤ ከብቶቹ ተሰልፈው ሲወርዱ አቧራው ይሸፍናቸዋል። ከመንገዱ መጨረሻ የጭቃ ገንዳ፣ ከገንዳው ሥር ደግሞ ዓይን የማይደርስበት ጥልቅ ጨለማ አለ። ከዚያ ጨለማ ውስጥ ዜማ ይወጣ ነበር። ጐንበስ ብዬ ሳይ፣ ሰዎች ከግድግዳው በተጋደሙ እንጨቶች ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ የቆዳ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ። ሙሉው ይወጣል፤ ባዶው ይወርዳል። አንዱ ይመራል፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። መሪና ተቀባይ ሆነን ያዜምንበትን የልጅነቴን ጉባኤ ከምድር በታች ሰማሁት።

የሰረዝኋቸው ልጆች ሁሉ እዚያ ነበሩ። ከብት በበጋ የሚጠጣው በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ነውና፣ በዚያ ቀን እጅ ያለው ሁሉ ይፈለጋል። ያቺ ልጅ ገንዳውን በጭቃ ትጠግን ነበር።

ሽማግሌው አንድ ባዶ ቦታ አሳዩኝ። «አንቱ ያዜሙ የለ? ይግቡ።»

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። የመጀመሪያውን ባልዲ ጣልሁት፤ ከታች ያለው ጐልማሳ በውኃ ራሰ።

«መምህሩ ቀሪ ናቸው! ይሰረዙ!» ብሎ ጮኸ። ጕድጓዱ ከላይ እስከ ታች በሣቅ ተናጋ። እኔም ሣቅሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዜማውን ይዤ ሳንጐራጕር እጄ አልሳተም።

ስወጣ ሽማግሌውን ተራውን በምን እንደሚያውቁ ጠየቅኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው የመጪዎቹን ቀናት ተራ ከነመንጋው፣ ተራውን ለሌላ የለቀቀውን ሰው ሳይቀር፣ ሳይደናቀፉ በቃላቸው ወረዱት። ዳዊትን በቃሌ ለመያዝ ስንት ዓመት እንደ ፈጀሁ አውቃለሁና፣ በፊታቸው ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ያሉትን ሁሉ በመዝገቤ ጻፍሁ፤ የሰረዝኋቸውንም ስሞች በዚያው ቀን መለስሁ። ከዚያ ወዲያ የውኃ ቀን ሲሆን ሰሌዳውን ተሸክመን ወደ ጕድጓዱ እንሄዳለን፤ መንጋው ጠጥቶ ሲያርፍ ከግራሩ ጥላ ሥር እንማራለን።

ተቆጣጣሪው የመጣው በውኃ ቀን ነው። ክፍሉ ተዘግቶ ሲያገኘው ፊቱ ጠቆረ።

«የት አለ ትምህርት ቤቱ?»

«ውኃ ሊጠጣ ሄዷል» አሉት ሽማግሌው፤ ይዘውትም ወደ እኛ መጡ።

ልጆቹ ከግራሩ ሥር ተቀምጠው ነበር። ተቆጣጣሪው ቆጠራቸው፤ እንደ ገና ቆጠራቸው። ከዚያ ያቺን ልጅ አንብቢ አላት። በእጇ የነበረው ጽሑፍ የጕድጓዱ ተራ ነበርና እርሱን አነበበች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጧት። ስትጨርስ ድገሚው አሏት። ደገመችው። አንዲት መንጋ አልጐደለችም።

«እኔ ብሞት ተራው አይሞትም» አሉ ቀስ ብለው።

ተቆጣጣሪው ከእኛ ጋር መሬት ላይ ተቀመጠና «ይቀጥል» ብሎ ጻፈ።

ሽማግሌው ካረፉ ቆይቷል። ያቺ ልጅ ግን የእንስሳት ሕክምና ተምራ ወደ መንደሯ ተመልሳለች። በቅርቡ መንደርተኞቹን ልጠይቅ ስሄድ የውኃ ቀን ነበር። ከገንዳው አጠገብ የተራው ሰሌዳ ቆሟል። እርሷ ከሚጠጡት ላሞች ሥር ሥር እየሄደች ትከትባለች። እናቶች ደግሞ ወተታቸውን በአንድነት ሰብስበው ሜጋ የሚወስድላቸውን መኪና ይጠብቃሉ፤ ማኅበሩን ያቋቋሙት እርሷ አስተባብራቸው ነው። ልጆቹ ከግራሩ ሥር ያነባሉ። አንዲት ትንሽ መዝገብ ስንትና ስንት ነገር ልታጠፋ ኖሯል አልሁ በልቤ፤ ፈጣሪዬንም አመሰገንሁ።

ከሩቅ አየችኝ።

«አባ መምህር፣ ቀሪ ሆኑብን እኮ!»

ከጕድጓዱ ውስጥ ሣቅ ወጣ። እኔ ያን ጊዜ ባልዲውን ስጥል ገና ያልተወለዱ ጐልማሶች ነበሩ የሚሥቁት፤ ወሬው ሳይቀር ተላልፎላቸዋል። ጕልበቴ ወደ ታች አያወርደኝም። ጫማዬን አውልቄ ከገንዳው አጠገብ ቆምሁና ከላይ የመጨረሻውን ባልዲ ተቀበልሁ።