ሳትሰካ ድምፅ የሌላት ጊታር

እዚህ ሞያሌ፣ ከግድግዳዬ ወዲያ፣ የጎረቤቴ ልጅ የኤሌክትሪክ ጊታሩን ሳይሰካ ይለማመዳል። ቲክ፣ ቲክ የምትል ድምፅ ናት፤ ሌላ ሰው ልብ አይላትም። እኔ ግን የጀመርኩትን ዳዊት አጥፌ ቁጭ እላለሁ፤ ልጅነቴ አቃቂ ላይ ይጠብቀኛል።

ታላቅ ወንድሜ አሰፋ በጃንሆይ ዘመን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ከሥራ ሲወጣ ፀጉሩ ላይ ብናኝ ጥጥ እንዳለ፣ የማሽን ዘይት እየሸተተ፣ እኔን አስከትሎ ወደ ሠራተኞች ክበብ ይሄዳል። ክበቡ ሁለት ጊታሮች ነበሩት። ዐይኔን አስጨፍኖ አንዷን ይመታና "የቷ ናት ሚጣዬ?" ይለኛል። ተሳስቼ አላውቅም። ቡናማዋ ሆዷ ክፍት፣ አንገቷ ወፍራም፣ ክሮቿም ከእንጨቱ ራቅ ያሉ ነበሩ፤ ጠንከር አድርገው ካልተጫኗት አትናገርም፤ ስትናገር ግን እንደ በገና ከሆዷ ነው። ቀይዋ ድፍን እንጨት ናት፤ አንገቷ ቀጭን፣ ገና ጣት ሲያርፍባት እንደ ቃጭል ጥርት የምትል። ሳትሰካ ግን ድምፅ የላትም። "ቡናማዋ ባልቴት ናት፣ ደጅ ታስጠናለች፤ ቀይዋ ልጃገረድ ናት፣ ሳይነኳት ትስቃለች" ሲል እናቴ "አፍህን ያዝ!" ትለው ነበር፣ ሳቋን እየዋጠች።

አንድ ቀን የሽመናው ማሽን ከግራ እጁ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ወሰደ። ቁስሉ ሲሽር ቡናማዋን መጫን አቃተው። ቀይዋን ግን ቻላት። ክበቡን ለምኖ ቤት አመጣትና ጓዳ ተቀምጦ፣ ሳይሰካት፣ እንደ አዲስ መማር ጀመረ። ከአደጋው ወዲህ ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ያን ሰሞን ነው።

ዐቢይ ጾም ገባ። እኔ ኃጢአት አጥብቄ የምፈራ ልጅ ነበርኩ። የንስሐ አባታችን ቤታችን ሲመጡ መስቀል ተሳልሜ፣ "አባ፣ ጋሼ አሰፋ በጾም ጊታር ይመታል" አልኳቸው። እሳቸው "ፋሲካ እስኪደርስ ያቆየው" ብለው አለፉት። አባቴ ግን አፈረ። በማግስቱ ራሱ ተሸክሞ ለክበቡ መለሳት።

በፋሲካ ክበብ ስንሄድ ቀይዋን ሌላ ሰው አንግቷታል። "አንተ ባልቴቲቱን ያዝ እንጂ፣ ትወድህ የለ!" ብሎ ቀለደ። አሰፋ ያዛት። በደንብ ያልተጫነ ክር ዝዝ ይላል፤ እሱ ይጫናል፣ ክሩ ዝዝ ይላል። ላቡ ተንቆረቆረ። በመጨረሻ ቀስ ብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፋትና "ነይ ሚጣዬ፣ እንሂድ" አለኝ። መንገድ ላይ "ለአባ ማን ነገራቸው ይሆን?" ሲል ያልሰማሁ መስዬ ቀደም ቀደም አልኩ።

አሰፋ ዳግመኛ ጊታር አልነካም። እስኪሞትም አልነገርኩትም። ንስሐ ገብቻለሁ፣ ካህኑም "ተፈትተሻል" ብለውኛል፤ ልቤ ግን አልተፈታም። ያኔ ዐይኔን ስጨፍን ሁለቱን እለይ ነበር። ዛሬ የምሰማት አንዷን ብቻ ነው። ጾም አፈረሰች ብዬ የከሰስኳት፣ ያቺ ድምፅ የሌላት።