አባቴ ጸሎት እስኪጨርሱ

ንፋስ መውጫ በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ አንድ ጡረተኛ ጎረቤት አሉ፤ ጧት ጧት፣ ባጃጆቹ ጩኸታቸውን ሳይጀምሩ፣ ከጭቃው ግድግዳ ማዶ ዳዊት ሲደግሙ ይሰማኛል። ቃሉን አልለየውም፤ ወደ እኔ የሚደርሰው እንደ ንብ ቀፎ ያለ ጉርምርምታ ብቻ ነው፣ መስመር በጨረሱ ቁጥር ትንሽ ቆም ብለው ትንፋሽ ይስቡና ይቀጥላሉ። ይህን ድምፅ የሰማ ሰው ልቡ ይረጋል ይባላል። የእኔ እግሮች ግን ቀጥ ብለው ለመቆም ይዘጋጃሉ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላኝ አስተማሪ መሆኔ ይጠፋኝና የመሪጌታ ትንሿ ልጅ ሆኜ ቁጭ እላለሁ።

አባቴ የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ጋይንት ቤተ ልሔም ተምረው፣ አስመስክረው፣ ከዚያ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ ደብር ሲያገለግሉ ነው እኛን የወለዱን። ሁለት ሴቶች ነበርን። ታላቄ ትዋብ በስድስት ዓመት ትበልጠኝ ስለነበር «እታለም» እያልሁ ነበር የምጠራት። ከእኛ በፊት የተወለዱት ሁለት ወንዶች ገና በሕፃንነታቸው ሞተዋል፤ አባቴም ለወንድ ልጅ ያስቡት የነበረውን ንባብ ለእኛ አስተማሩን፣ የደብሩም ሰው «መሪጌታ ሴት ልጆቻቸውን ዳዊት አስደገሙ» እያለ ያደንቅላቸው ነበር። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም።

አጨዳው አልቆ ገብሱ ከተከመረ በኋላ፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎ በሚያድርበት በታኅሣሥ ማለዳ፣ ፊታችንን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥበን፣ ነጠላችንን አጣፍተን፣ ወደ ምሥራቅ ዞረን ከአባቴ ኋላ እንቆም ነበር። ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ ነው፤ የሰኞ ከአንድ እስከ ሠላሳ ነው፣ ዓርብ ደግሞ ከመቶ አሥራ አንድ እስከ መቶ ሠላሳ። ከዳዊቱ ቀጥሎ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ይደርሳል፣ በመጨረሻም አባቴ የቤተ ሰቡን የክርስትና ስም አንድ በአንድ እየጠሩ፣ ለሞቱት ዕረፍትን፣ ላለነው ጤናን ይለምኑልን ነበር። አንዴ የተጀመረ ጸሎት አይቋረጥም። አንድ ጧት በሬያችን ከክምሩ ደርሶ ገብሱን ሲያነክት እናቴ አይታ ብትቁነጠነጥም አባቴ ቀና እንኳ ሳይሉ ቀጠሉ፤ ሲጨርሱ «ለአምላክ የጀመሩትን ለበሬ አይተውም» አሉ፣ ይህም ንግግራቸው በደብሩ ተወርቶላቸው ነበር።

ያኔ ጸሎቱን እወደው ነበር፤ ይህን መደበቅ አልችልም። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ቢገባም፣ ትዋብ ከጎኔ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ እጄን ስትሸፍንልኝ፣ የሦስታችን ድምፅ ባንድ ላይ ሲሄድ፣ ከዚህ ቤት ውስጥ ምንም ክፉ ነገር የሚገባ አይመስለኝም ነበር።

ጥር ላይ ከስማዳ ሽማግሌዎች መጡ። ጸሎት ላይ ስለነበርን አጥሩ ጥግ ቆመው ጠበቁ፤ ሰው ሁሉ የአባቴን ልማድ ያውቅ ነበርና አልተቀየሙም። የላካቸው ቅስና ሊቀበል የፈለገ አንድ ዲያቆን ነበር፤ ለዚያ ደግሞ አስቀድሞ ድንግል ልጃገረድ በቁርባን ማግባት አለበት። አባቴ ዳዊቱን ወደ ቆዳ ማኅደሩ መልሰው፣ ከግድግዳው ላይ ሰቅለው፣ ተቀምጠው አደመጧቸው።

«ለመቅደስ አገልጋይ ልጄን አልከለክልም» አሉ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ትዋብ ሰባተኛ ክፍል ነበረች፣ ዕድሜዋ ዐሥራ አምስት። ወሬው ትምህርት ቤት ሲሰማ አንድ መምህሯ እስከ ቤታችን መጥቶ አባቴን በትሕትና ዕድሜዋን ጠየቃቸው።

«የተወለደችበትን ቀን የማውቀው እኔ ነኝ» አሉት አባቴ። «ዐሥራ ስምንት ሞልቷታል።»

መምህሩ ቀና ብሎ ትዋብን አያት፣ እሷም መሬት መሬት አየች። ወጥቶ ሲሄድ እኔ ከምሰሶው ሥር ቆሜ በጣቶቼ እየቆጠርሁ ነበር፤ ስንት ጊዜ ብቆጥር ግን ከዐሥራ አምስት አላለፈልኝም። አባቴ ሲዋሹ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፣ አፋቸው ላይ ገና የማለዳው ጸሎት ሳይደርቅ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ አባቴ በቤተ ክርስቲያን ሲያስተምሩ፣ ሳያቋርጥ በየቀኑ የለመነ ሰው አይከለከልም አሉ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሬ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጎተራው ኋላ እየተደበቅሁ፣ አርባ አርባ ስግደት እሰግድ ነበር፤ ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር «እታለምን አትውሰድብኝ» እል ነበር። ጉልበቴ ተልጦ እናቴ «የት ወድቀሽ ነው?» ብትለኝ ድንጋይ አደናቀፈኝ አልኋት። ሆሳዕና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ግን ጆሮ ደግፍ ያዘኝ፣ ፊቴ አብጦ ትኩሳቱ ሲያቃዠኝ ዋለ፣ ያን ቀን አልሰገድሁም። በማግሥቱ እየተንገዳገድሁ ሰማንያ ሰገድሁ፣ የጎደለውን የሚሞላ መስሎኝ።

ከዳግማይ ትንሣኤ ቀጥሎ በዋለው እሑድ ትዋብ ካባ ደርባ፣ ፊቷ ተሸፍኖ፣ ከማታውቀው ሰው ጋር ሥጋ ወደሙን ተቀበለች፣ ከቅዳሴ በኋላም በበቅሎ ጭነው ወደ ስማዳ ወሰዷት። ሴቶቹ እልል ይሉ ነበር። እናቴም እልል አለች፣ መሐል ላይ ድምፅዋ ተሰብሮ ሳል አስመሰለችው።

ከሳምንት በኋላ ነገሩ ከበደኝና አባቴ ዳዊታቸውን ዘግተው ብቻቸውን በተቀመጡበት ቀረብ አልኋቸው።

«አባባ፣ በጾሙ በየቀኑ አንድ ነገር እለምን ነበር። አንድ ቀን አቋረጥሁ።»

«አገኘሽው የለመንሽውን?»

«አላገኘሁም።»

«እንግዲያ ለዚያ ነው» አሉኝ፤ ራሴን ዳበስ አድርገው ተነሡ። ምን እንደለመንሁ አልጠየቁኝም። እኔም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት፣ እህቴን አሳልፎ የሰጣት የእኔ ትኩሳት እንደሆነ አምኜ ኖርሁ።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ላይ የጋይንት ዝናብ ሌት ተቀን አያባራም፤ ጉሙ ከጓሮው ድረስ ይገባል፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፣ ወንዝ ሞልቶ መንገደኛ ይቀራል። አንድ ዓርብ ጧት፣ ሦስታችን ጸሎት ላይ ቆመን፣ አባቴ መቶ አሥራ ስምንተኛውን መዝሙር ጀምረው ነበር። ከሁሉ የሚረዝመው እሱ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር የሚናገረውም ሕግን ስለመውደድና ስለመጠበቅ ነው። ጥቂት እንደሄዱ ከአጥሩ በር ድምፅ ሰማን።

«እምዬ! እኔ ነኝ! ክፈቱልኝ!»

ትዋብ ነበረች። እናቴ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደች። አባቴ ንባባቸውን ሳይገቱ፣ ፊታቸውንም ሳያዞሩ፣ ግራ እጃቸውን ብቻ ከፍ አደረጉ፣ እናቴም ባለችበት ቀጥ አለች። የአጥሩ በር ከውስጥ በመወርወሪያ ይዘጋል፤ ከውጭ ያለ ሰው ሊከፍተው አይችልም። ለደጃፉ የምቀርበው እኔ ነበርሁ። አባቴ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል፣ ወጥቼ መወርወሪያውን ሳብ አድርጌ ብመለስ ከሃያ እርምጃ አይበልጥም ነበር። አልወጣሁም። በጾሙ አንድ ቀን ባቋርጥ የመጣውን አውቃለሁና፣ አሁን ደግሞ ባቋርጥ ምን ሊመጣ እንደሚችል ፈርቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ድምፄን ከአባቴ ድምፅ ጋር አስተካክዬ ቀጠልሁ።

ሁለት ጊዜ ደግማ ተጣራች። ሦስተኛው አልመጣም፤ የሚሰማው ዝናቡ ክዳኑን ሲመታ ብቻ ነበር። መዝሙሩ አለቀ፣ ከዚያም እስከ መቶ ሠላሳ ያለው፣ ከዚያም የዓርብ ውዳሴ ማርያም፣ ከዚያም ስም መጥራቱ። አባቴ እንደ ወትሯቸው የትዋብን የክርስትና ስም ጠርተው፣ ወለተ ማርያምን በሄደችበት ጠብቃት ብለው ለመኑ። ወለተ ማርያም በራችን ላይ ነበረች።

ሲከፍቱላት ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተኮራምታ አገኟት፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ። ከስማዳ ሁለት ቀን ዳገት ወጥታ ነው የመጣች። እናቴ ከእሳት ዳር አስቀምጣ ልብሷን ስትለውጥላት ክንዷ ላይ ያየሁትን እዚህ አልጽፈውም። ትዋብ ለአባቴ ብዙ አልተናገረችም።

«እዚያ አልመለስም፣ አባባ። እዚሁ ላርስልዎ፣ ልቆፍርልዎ፣ ትምህርቱም ይቅርብኝ።»

«በሥጋ ወደሙ የታሰረውን እኔ ልፈታ?» አሉ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር፣ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያመኝ። «ልጄ ብትሆኚም አልፈታውም። ጸልዪ፣ ይለመዳል።»

እናቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። «በመድኃኔዓለም፣ እስቲ ክረምቱ እስኪወጣ እንኳ ትሰንብት» ብላ ለመነቻቸው። አልሰሟትም።

ቅዳሜ ጧት ከጸሎት በኋላ ራሳቸው ሊያደርሷት ተነሡ። ትዋብ ነጠላዋን እያጣፋች ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«ስጣራ ሰምተሽኝ ነበር?»

«ጸሎት ላይ ነበርን» አልኋት።

«አዎ» አለች። «እሱንስ ከውጭ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።»

አንድ ዓመት አልፎ በመጣው መስከረም ትዋብ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ በሦስተኛው ቀን እንደቀበረች ሰማን። ገብሱ ሳይታጨድ ደግሞ ከባሏ ቤት ጠፍታ እስቴ ገባች፤ በከተማዋ በመካነ ኢየሱስ ከአንድ ምግብ ቤት ሥራ ይዛለች አሉ። ዲያቆኑም ሚስቱ ጥላው ስለሄደች ቅስናውን አጣ። ያ ወሬ በደረሰ ማግሥት፣ አባቴ በጸሎቱ መጨረሻ የቤተ ሰቡን ስም ሲጠሩ፣ ወለተ ማርያም የምትጠራበት ቦታ ላይ ደርሰው ዘለሏት። ከዚያ በኋላ አልተጠራችም። እናቴ ግን በዚያች ትንሽ ክፍተት ውስጥ ከንፈሯን ብዙም ሳታንቀሳቅስ «ትዋብዬ» ትል ነበር፣ የክርስትና ስሟን አይደለም፣ ትዋብዬ፤ ከጎኗ ስለምቆም እሰማት ነበር። አባቴም ይሰሙ ይሆን እያልሁ እጨነቅ ነበር።

እኔ ዘጠነኛ ክፍል ልማር ንፋስ መውጫ እስክወርድ ድረስ ከኋላቸው እየቆምሁ በአፌ ደገምሁ። በአፌ ብቻ። ኪራይ ቤት ባደርሁበት የመጀመሪያ ጧት ሳልታጠብ፣ ወደ ምሥራቅ ሳልዞር፣ ከፍራሼ ላይ ተቀምጬ አንድ ነገር እስኪመጣብኝ ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም። ዐሥራ ሁለት ዓመት አልጸለይሁም፣ በዚያም ጊዜ ውስጥ ደኅና ነበርሁ ብል ውሸት ይሆናል።

እናቴ ታማ ለሕክምና እኔ ዘንድ መጥታ ሦስት ወር አብረን ኖርን። ጧት ከአልጋዋ ላይ ቀና ብላ ታማትብና በሰው ቋንቋ ታወራ ነበር፤ «ይችን ልጅ ጠብቅልኝ፣ ያችንም ጠብቅልኝ፣ እኔንም እንደወደድህ» ትል ነበር። መሐል ላይ ጎረቤት ከገባ «ኑ፣ ግቡ» ብላ ሰላምታ ትሰጣለች፣ ታወራለች፣ እንግዳው ሲወጣ ካቆመችበት ትቀጥላለች። አንድ ቀን «ይቋረጣል እንዴ?» ብላት ገርሟት አየችኝ። «ሰው መጣኮ» አለች። እሷ ካረፈች በኋላ ነው በየጧቱ፣ በአማርኛ፣ ተቀምጬ መጸለይ የጀመርሁ።

አባቴ ያረፉት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የጋይንት ካህናት ሁሉ መጡ፣ የጸሎት አባት ተብለው ተለቀሰላቸው። ትዋብ አልመጣችም። ከሰባተኛው ቀን በኋላ በደብረ ታቦር ዞሬ ወደ መካነ ኢየሱስ ሄድሁና፣ አሁን የራሷ ከሆነችው ትንሽ ምግብ ቤት ውስጥ አገኘኋት። ጸጉሯ ሸብቷል። ምግብ አቀረበችልኝ፣ ስለ መንገዱ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ እኔ ያን ዓርብ አነሣሁባትና መወርወሪያውን ስላልሳብሁ ይቅርታ ጠየቅኋት።

«ሕፃን ነበርሽ። ያንቺን ድሮ ትቼዋለሁ» አለችኝ። ሳህኑን አነሣች። «የእሱን ግን አትለምኚኝ።»

አባታችንን «እሱ» ስትል በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነበር። አላረምኋትም።

ልጅ ሳለሁ መጸለይ ቀላል ነበር፤ ቃሉ ሁሉ ተጽፎልኛል፣ ቀኑ ተከፋፍሎልኛል፣ የእኔ ድርሻ ድምፄን ሳላሰልስ እስከ መጨረሻው ማድረስ ብቻ ነበር፣ የምለምነውም እንደሚሰማ አልጠራጠርም ነበር። ዛሬ ጸሎቴ ሩብ ሰዓት አይሞላም፣ እርግጠኛ የሆንሁበት ነገርም ጥቂት ነው። ለእህቴ ስለምን ቃል አያጥረኝም። ለአባቴ ምሕረትን መለመን ግን በየጧቱ እጀምራለሁ፤ አንዳንድ ቀን እጨርሰዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን አልጨርሰውም።