ያልቆጠርኳቸው አምስት ቀናት

ለፌዴራል ዳኝነት የሚወዳደር ሰው የሚሞላው ቅጽ ስድስት ገጽ ነው። አምስቱን ፍኖተ ሰላም ካለው ቢሮዬ ቁጭ ብዬ በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት። የት ተማርሽ፣ ስንት ዓመት ዐቃቤ ሕግ ነበርሽ፣ መቼ ጠበቃ ሆንሽ፤ ይኼ ሁሉ ቀላል ነው። ስድስተኛው ገጽ ላይ ግን አንዲት ጥያቄ ነበረች፦ በሙያዎ ላይ ሳሉ ሰው የጎዳ ጥፋት ፈጽመው ከሆነ ይግለጹ።

«የለም» ብዬ ጻፍኩ። ቀለሙ ሳይደርቅ ቅጹን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እኔ ችኩል ነኝ። እናቴ «አንች ስትወለጅም አዋላጇን ሳትጠብቂ ነው» ትለኛለች። ችሎት ፊት መቸኮሌ ብዙ ጊዜ ጠቅሞኛል። አንድ ጊዜ ግን ሰው ጎድቼበታለሁ።

ሰውየው ከቡሬ ወጣ ባለች የገጠር ደብር ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። በዓሉና ጾሙ የሚውልበትን ቀን አስልቶ ማውጣት የዕድሜ ልክ ሥራቸው ነው። አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። የሟች ባለቤታቸው ድርሻ የነበረች የበርበሬ መሬት ነበረቻቸው። የባለቤታቸው የወንድም ልጅ ለእኔ ትገባለች ብሎ ከሰሳቸውና ሐምሌ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው የወረዳው ፍርድ ቤት ፈረደለት። ጠበቃቸው እኔ ነበርኩ። ፍርዱ ስህተት ነበር፤ ይግባኝ ብንል እንደምናሸንፍ አልተጠራጠርኩም። ይግባኝ ለማለት ደግሞ ሕጉ ስልሳ ቀን ይሰጣል።

መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን የኔታ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጡ። ጥምጥማቸውን አስተካክለው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡና፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ልጄ፣ ለመሆኑ የእናንተ ሕግ ጳጉሜን ይቆጥራታል?» አሉ።

ሳቅኩ። «ኧረ የኔታ! መንግሥት እንኳ ደመወዝ የማይከፍልባትን ጳጉሜን ማን ይቆጥራታል?»

እሳቸውም ፈገግ ብለው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

በሳምንቱ ይግባኙን ይዤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ገባሁ። በእኔ ቤት ከሐምሌ እስከ መስከረም ሁለት ወር፣ ሁለት ወር ደግሞ ስልሳ ቀን ነው። ሁለት ቀን ቀድሜ መጣሁ ብዬ ስኩራራ ለካ ሦስት ቀን ዘግይቻለሁ። በመሃል ጳጉሜ ነበረች፤ አምስቱም ቀኖቿ በሕጉ ቀን ናቸው። ቀኑ ያለፈበትን ይግባኝ እንዲቀበሉኝ ማስፈቀጃ ጻፍኩ፤ ለመንኩ። የጠበቃ ስህተት በቂ ምክንያት አይሆንም ተብሎ ተዘጋ። በዚያ አንቀጽ እኔው ራሴ ስንቱን ተከራካሪ አፍ አስይዤበታለሁ!

ለየኔታ በስልክ «ፍርድ ቤቱ አልተቀበለንም» አልኳቸው። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። አገራችን «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል። የእሳቸው መሬት ግን በሕግም ያለ ሕግም አልሄደችም፤ በእኔ ቀልድ ነው የሄደችው። ይህን እያወቅሁ አራት ዓመት ዝም አልኩ።

ቅጹን በቦርሳዬ ይዤ ቡሬ ወረድኩ። ከከተማው በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ። በየደጁ ቀይ በርበሬ ተሰጥቷል። የኔታን ከደብሩ አጥር ሥር ብቻቸውን ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ንግግር አሳምሬ ነበር የሄድኩት፤ ሳያቸው ሁሉም ጠፋኝ።

«የኔታ፣ መሬትዎ የጠፋችው በእኔ ነው። ጳጉሜን ረስቼ ነው» አልኩና አለቀስኩ።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ።

«እንዴት ያውቃሉ?»

«ቀን ስቆጥር ያረጀሁ ሰው አይደለሁ? ከአንች ዘንድ የመጣሁ ለት አራት ቀን ቀርቶሽ ነበር። ስትስቂ ጊዜ የመንግሥት ሕግ ሌላ ይሆናል አልሁ። ደግሜ ልጠይቅሽ ፈለግሁና፣ የተማረች ልጅ ፊት ማይም እባላለሁ ብዬ አፈርሁ።»

ከዚህ ይልቅ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀን መቁጠር ከእኔ የማይማሩ የዘመን ሊቅ፣ እንዳልስቅባቸው ፈርተው ደግመው ሳይጠይቁኝ ቀሩ።

«ይክሰሱኝ» አልኳቸው። «መብትዎ ነው።»

«አንችን ልክሰስ ብዬ ደግሞ ሌላ ጠበቃ ልያዝ? እግዜር ያውጣኝ!» ብለው ሳቁ። ቀጥለው ግን ዐይናቸውን ወደ ማሳው አሻገሩ። «መሬቷ ትቆጨኛለች። የሚስቴ እጅ ያረፈባት ናት፤ ይኸን አልዋሽሽም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ዳኛ ትሆኝ ነው አሉ?»

«ከፈቀዱልኝ። አሁንማ እንጃ።»

«ሁኝ። ግን የጠየቀሽን ሰው አትሳቂበት።»

እዚያው ጉልበቴ ላይ «የለም» የሚለውን ሰርዤ እውነቱን ጻፍኩ፤ ቦታው አልበቃኝ ብሎ ጀርባው ላይ ቀጠልኩ። የጽሑፍ ፈተናውን አልፌ ለቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ ስጠራ፣ ከጠያቂዎቹ አንዱ ያችን ገጽ አነሷት።

«ይህን ባይጽፉት እኮ የሚያውቅ አልነበረም።»

«ሁለት ሰው ያውቃል» አልኩ።

እንደማልመረጥ እርግጠኛ ሆኜ ተመለስኩ። ስሜ ለሕዝብ አስተያየት ሲለጠፍ እንኳ አላመንኩም። ቃለ መሐላ ፈጽሜ ስወጣ መጀመሪያ የደወልኩት ለየኔታ ነው። እልል ማለት ለእሳቸው ስለማይሆን ስልኩ ውስጥ ረጅም ምርቃት አወረዱልኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት ችሎቴ ፊት አንዲት አሮጊት ተከሳሽ ቆሙ። ጠበቃ የላቸውም። በሠላሳ ቀን ውስጥ መልስዎን ይዘው ይቅረቡ ብዬ መዝገቡን ልዘጋ ስል እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ እሑድም ይቆጠራል?»

ከኋላ ሰዉ ሳቀ። የከሳሹም ጠበቃ፣ ችኩል የምትመስል ወጣት፣ አፏን በፋይል ሸፍና ሳቀች። ቀጣዩ መዝገብ እየጠበቀኝ ነበር።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አልኩ። «ወደዚህ ይቅረቡ።» የጠረጴዛዬን የቀን መቁጠሪያ ወደ እሳቸው አዞርኩትና፣ ወጣቷን ጠበቃም ጠርቼ፣ ሦስታችን ከእሑዱ ጋር አንድ በአንድ ቆጠርን።