የእትዬ ጠርጥር ነጭ ጨርቅ

የባሌን አክስት ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ ጠርጥር» ነው የሚላት። በፊቷ አንቱ እላታለሁ፤ ዞር ስትል ግን ይኸው እንደምትሰሙኝ ነው። ስሙ ዝም ብሎ አልወጣላትም። ነጋዴ ሲመርቅላት «ምን ቢበላሽበት ነው?» ትላለች፤ ጎረቤት ሰላም ካለቻት «ምን ፈልጋ ነው?» ትላለች። ጡረታ እስክትወጣ ሆስፒታል ልብስ እጥበት ክፍል አንሶላ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት፤ በዓይኗ ብቻ አይታ አታምንም። ታሸትታለች። ፎጣውን፣ አንሶላውን፣ የእኔን ቀሚስ ሳይቀር አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ካልማገችው ንጹህ ነው አትልም።

እኔ ደግሞ ፀጉር ሠሪ ነኝ። የስንቱን ጭንቅላት ስነካ እንደምውል አስቡት። ለእሷ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

እህቷ፣ አማቴ ማለት ነው፣ ስኳር አለባት። ጫማ የላጠው እግሯ ቁስል ሆነ፣ ቁስሉ መግል ያዘ። ካፕሱል ዋጠች፣ ሌላ ካፕሱል ተቀየረላት፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ሐኪሙ መግሉን አስመረመረና ጀርሙ የተለመዱትን መድኃኒቶች የተላመደ ነው አለን። «በደም ሥር የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት እንጀምራለን። ቁስሉ እንደገና እንዳይበከል ተጠንቀቁ። ከተበከለ እግሩን ላናተርፈው እንችላለን።»

ቤት እንደገባን እትዬ ጠርጥር ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ፀጉሬ አየችኝ።

«መቼም ይሄ ነገር በገዛ እግሩ ተራምዶ አልገባም» አለች። «አንቺ ልጅ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከዚች በር እንዳታልፊ።»

አማቴ የምትተኛበት ክፍል በር ሥር በርጩማ አስቀመጠችልኝ። ባሌ? ባሌማ ጫማውን ያያል! እኔም በተራዬ መጠርጠር ጀመርኩ። ለምንድነው ቁስሉን ለብቻዋ የምታጥበው፣ ማንንም የማታስጠጋው? ምን ትደብቃለች? በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ እጇን መከታተል ያዝኩ፤ የሚያዝባት ነገር ግን አጣሁ። እስከ ክርኗ ትታጠባለች። የቁስሉን መሸፈኛ ነጭ ጨርቅ ትቀቅላለች፣ በካውያ ትተኩሳለች፣ አሽትታ ታጥፋለች፣ ቁስሉ ላይ ታደርጋለች። እውነቱን ለመናገር ቀናሁባት።

በቀጠሯችን ቀን ሲስተሯ የቤተሰቡን አፍንጫ በጥጥ እየነካካች ለምርመራ ወሰደች። «ጀርሙ ጤነኛ ሰው አፍንጫ ውስጥ ምንም ሳያደርገው ይቀመጣል» አለችን።

«መጀመሪያ የእሷን!» አለች እትዬ ጠርጥር፣ በጣቷ እኔን እያሳየች።

ውጤቱን ልንሰማ አማቴን ቤት ትተን ሄድን፤ የእኔ ንጹህ ሆነ። የባሌም እንደዚሁ። ሲስተሯ ወደ እትዬ ጠርጥር ዞራ «እናቴ፣ እስቲ ጨርቁን እንዴት እንደሚያዘጋጁት ያሳዩኝ» አለቻት። እሷም ደረቷን ነፍታ ጠረጴዛው ላይ ካለው ጨርቅ አንዱን አነሳች።

«እቀቅላለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ከዚያ...» ጨርቁን ወደ አፍንጫዋ ስትወስድ እጇ መንገድ ላይ ቀረ።

ሲስተሯ ጀርሙ የተገኘው በእሷ አፍንጫ ውስጥ መሆኑን በቀስታ አስረዳቻት። የሆስፒታል ልብስ ስታጥብ ይዟት ይሆናል፤ ሌላ ቦታም ሊሆን ይችላል፤ ማወቅ አይቻልም። ቆዳው ያልተከፈተ፣ አቅም ያለው ሰው ይዞት ይኖራል። ስኳር ያለበት፣ ቁስል ያለበት፣ ሆስፒታል የሚመላለስ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ግን አይችለውም። አፍንጫዋን የምትቀባው ቅባት ሰጠቻት፤ ከጀርሙ ነፃ መሆኗ እስኪረጋገጥ ድረስ ቁስሉን ሌላ ሰው ያጥባል። ሌላ ሰው ማለት እኔ ነኝ።

የሆዴን ሁሉ ልዘረግፍላት ተዘጋጅቼ ነበር። ፊቷን ሳየው ግን ቦርሳዋን ተቀብዬ በሩን ከፈትኩላት።

ቤት ስንደርስ አማቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና «እሷ ናት አይደል?» አለች። እኔን ነው። እትዬ ጠርጥር ዞር ብላ አየችኝ። ዝም ብትል ማን ያጋልጣታል? ባሌ እንደሆነ ጫማውን ነው የሚያየው። ዝም እንደምትል ደግሞ እርግጠኛ ነበርኩ።

«እኔ ነኝ፣ እህቴ» አለች። «እያሸተትኩ፣ በገዛ አፍንጫዬ!»

አማቴ ሳቀች። «ተይ እባክሽ! የልጄ ትዳር እንዳይፈርስ ብለሽ ነው። አንቺን አላውቅሽም?» እግሯን ወደ እህቷ ዘረጋች። «ነይ እሰሪልኝ። የዚችን እጅ አላምነውም።»

እትዬ ጠርጥር ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። እያፈገፈገች ሄዳ የእኔ በርጩማ ላይ ዘጭ አለችና እንባዋን ለቀቀችው። «እኔ ነኝ መጠርጠር ያስተማርኳት» አለችኝ። ከዚያ ወደ አልጋው ጮኸች፤ «አልነካሽም! የእሷ እጅ ንጹህ ነው። እኔ ልሙት!»

«አሽትተሽዋል?» አለች አማቴ።

«አላሸተትኩትም።»

አማቴ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ስታይ ቆየች። ተጣጥቤ መጣሁ፤ እግሯን ሰጠችኝ። ዓይኗን ግን ከእጄ ላይ አላነሳችም።