ልጄን ሰፈሩ እስኪለምዳት

ከሳዑዲ ስባረር የአራት ዓመት ሴት ልጄን ይዤ ነበር። አባቷ የቻድ ሰው ነው። ጅዳ ላይ ኒካህ አስረን ስንኖር መጀመሪያ እሱ በፍተሻ ተይዞ ወደ አገሩ ተላከ፤ ብዙ ሳይቆይ የእኔም ተራ ደረሰ። የትውልድ ቀዬዬ አምባሰል፣ ከውጫሌ ወጣ ብሎ ነው። እናት አባቴ ስላለፉ ግን እዚያ የሚጠብቀኝ አልነበረም፤ ሐይቅ ከተማ አንድ ክፍል ተከራየሁ።

ልጄ ከአረብኛ በቀር አታውቅም። መልኳ ቁርጥ አባቷ ነው፤ ጠይም እንኳ የማትባል ጥቁር፣ ፀጉሯ ክርድድ ያለ። ልትጫወት ስትወጣ የሰፈሩ ልጆች “ባሪያዋ መጣች!” እያሉ ይበተናሉ። ትርጉሙን ስለማታውቀው ስሟን የቀየሩላት መሰላት። አንድ ቀን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እየሳቀች “አና ባሪያ” አለችኝ፤ እኔ ባሪያ ነኝ ማለቷ ነው። በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ያን ሰሞን ከተማ አስተዳደሩ ከስደት ተመላሾችን የምትከታተል አንዲት ባለሙያ መድቦ ነበር። ቤቴ መጥታ ስለ ሥራና ስለ ሥልጠና ጠየቀችኝ። እኔ የነገርኳት የልጄን ነገር ነው።

“መዋዕለ ሕፃናት ትግባ፣ እኔ ራሴ አስመዘግባታለሁ” አለች። “ሰፈሩን ደግሞ ለእኔ ተዪው።”

በሳምንቱ እናቶችን ቀበሌ አዳራሽ ሰበሰበች። ጎረቤቴ፣ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ትልቅ ሴት፣ ተነሱና “ወላሂ ለጨዋታ ነው እንጂ ክፋት የለንም” አሉ።

“እናቴ፣ የእርስዎ ልጅ ቤይሩት አይደለች?” አለቻቸው ባለሙያዋ። “አሠሪዎቿ ምን ብለው ነው የሚጠሯት?”

ሴትዮዋ የሻሻቸውን ጫፍ ያዙ። “እሱንማ በስልክ እያለቀሰች ነግራኛለች” አሉና ተቀመጡ።

ሁሉም በአንድ ጊዜ አልተለወጠም። አንዳንዶቹ ከዚያም በኋላ ሲያዩን ይጠቃቀሱ ነበር። ጎረቤቴ ግን በማግስቱ በሬን አንኳኩተው የልጄን ስም ጠየቁኝ፤ የልጅ ልጆቻቸውንም ደጋግመው አስጠኗቸው።

የሰሜኑ ጦርነት ወደ ሐይቅ ከተማ ሲቃረብ ከጎረቤቴ ጋር አብረን ወጣን። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያሉ ዘመዳቸው ቤት ስንደርስ አባወራው ልጄን ትክ ብሎ አይቶ፣ “ይቺኛዋስ ከየት የመጣች ናት?” አለ።

“የልጅ ልጄ ናት” አሉ ጎረቤቴ። “እሷን የማይችል ቤት እኔንም አይችለኝም።”

ሰውዬው አፍሮ መንገድ ለቀቀ። ልጄ እዚያ በቆየንበት ጊዜ ሁሉ የምትተኛው በእሳቸው ጋቢ ተጠቅልላ ነበር።

አልሐምዱሊላህ፣ በደኅና ተመለስን። የከተማው ቢሮዎች ተዘርፈዋል፤ መዋዕለ ሕፃናቱ አንድ ወንበር አልቀረለትም። ባለሙያዋ ቤት ለቤት እየዞረች ምንጣፍ ለመነችና ልጆቹን መሬት ላይ አስቀምጣ ትምህርት አስጀመረች። እኔንም አስጠራችኝ። “እንደ ልጅሽ አረብኛ ብቻ እየተናገሩ የሚመጡ ልጆች በዝተዋል። ረዳት ሁኚኝ” አለች።

ሥራ በጀመርኩበት ቀን አንድ አዲስ የመጣ ሕፃን የእናቱን ቀሚስ አልለቅም ብሎ በር ላይ ያለቅስ ነበር። እኔ ተነስቼ ሳልደርስ ልጄ ቀደመችኝ። በአረብኛ የሆነ ነገር አንሾካሾከችለት፤ ከዚያ በወሎ አማርኛዋ ወደ ጓደኞቿ ዞራ “ጠጋ በሉለት እንጂ!” አለች። ተጠጉለት።