የዒብራሂም ቬንቲላተር

መልካ ጀብዱ ዳር፣ የመብራት ምሰሶ ባልደረሰበት ሰፈር፣ የዒብራሂምን ቤት ለማግኘት ቀና ማለት ብቻ ይበቃል። ከጣሪያው በላይ፣ በብረት ቱቦ ጫፍ፣ ሦስት ነጭ ክንፎች ይሽከረከራሉ። ሰፈርተኛው "የዒብራሂም ቬንቲላተር" ይለዋል። "አቦ፣ ሰማዩም ሞቀው እንዴ?" እያሉ ሲያሾፉበት አብሯቸው ይስቅ ነበር። ድሮ ነው ታዲያ፣ ሲስቅ።

ሠላሳ ዓመት ምድር ባቡር ጋራዥ የሠራ ሰው ነው። ሞተር ሲነሣ ድምፁን ብቻ ሰምቶ የትኛው ብሎን እንደላላ ይናገራል። ጡረታ በወጣ በዓመቱ አንድ ልጁ ዊዳድ ለሰው ቤት ሥራ ዓረብ አገር ሄደች። አሠሪዋ ስልኳን የምትመልስላት በሳምንት አንዴ፣ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ለግማሽ ሰዓት ነው። ዒብራሂምና ሚስቱ ሃሊሞ ሳምንቱን የሚገፉት ለዚያች ግማሽ ሰዓት ነበር። ቤቱ ያለው ስልክ ደግሞ አንድ ነው፤ እሱም ያረጀ፣ ጠዋት ሞልቶ ቀትር ላይ የሚሞት። የገዙትን ሶላር ሌባ ወሰደው። "እስቲ ነፋሱን ይስረቁኝ!" አለና ቬንቲላተሩን ሠራ።

ክንፎቹን ከውሃ ቱቦ ቀደደ፣ ጭራውን ከበርሜል ቆርቆሮ ቆረጠ፣ ዲናሞውን ከአሮጌ ማሽን ፈታ። ሽቦው ወርዶ የመኪና ባትሪ ይሞላል፣ ባትሪው ስልኩን ይሞላል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ለሃሊሞም መቶ ጊዜ ነግሯታል፤ ባትሪው ከመፈታቱ በፊት ክንፉ በገመድ ይታሰራል። ባትሪው ነው ዲናሞውን የሚይዘው። እሱ ከሌለ ነፋስ ሲመጣ ያብዳል፣ ራሱን እስኪሰብር ይሽከረከራል።

አንድ ሐሙስ የጎረቤቱ የሰማታር እናት አረፉ። ሰማታር እንባውን እየጠረገ መጣና፣ "ዒብራሂም፣ ለድንኳኑ መብራት ባትሪህን" አለው። የለቅሶ ቤት እምቢ ይባላል እንዴ? ወዲያው ፈቶ ሰጠው። ገመዱን ይዞ ወደ ጣሪያው ሊወጣ ሲል ጀናዛው ተነሣ። ጀናዛ አይጠብቅም፤ ገመዱን መሬት ላይ ጥሎ ቃሬዛ ሊሸከም ሮጠ።

ከቀብር ሲመለስ የከሰዓቱ ነፋስ የሚያደርገውን አድርጎ ሄዷል። አንዱ ክንፍ ጎረቤት ግቢ ወድቋል፣ ሁለቱ ተሰነጣጥቀዋል።

አርብ ጠዋት ባትሪው ደርቆ ተመለሰ። ስልኩም የቀረችለት ጭላጭ ቻርጅ ናት።

"አንተ ሰውዬ፣ ስልኩን ሱቅ ወስደህ አስሞላ። ልጅቷ ትደውላለች" አለች ሃሊሞ። ሱቁ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው።

"ወላሂ ከጁምዓ በፊት አዞረዋለሁ! ስንት ባቡር ያስነሣሁ ሰው ሦስት ክንፍ ያቅተኛል?"

ምነው ያን ጊዜ ምላሱን በያዘው! ሃሊሞ አመነችው። መቼ ዋሽቷት ያውቃል?

ጁምዓውም አለፈው። አዲስ ክንፍ ቀደደ፣ ገጠመ፣ አሳምሮ ገጠመ። ነፋሱ ግን የለም። ቅጠል አይነቃነቅም። "ያ ረቢ፣ ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ!" ጣሪያው ላይ ቆሞ ክንፉን በእጁ እየገፋ ሳለ ስልኩ እታች ሃሊሞ ጭን ላይ ቻርጁ አልቆ ጠፋ።

አመሻሽ ላይ ሱቅ ወስዶ ሲያበራው ሰባት ጊዜ እንደተደወለ የሚነግር መልእክት ገባ። ቀጥሎ የዊዳድ፦ "አባ፣ ይመቱኛል። ልጥፋ ወይስ ልቻለው? ለምን ዘጋህብኝ?"

ደወለ። ዝግ ነው። በነጋታውም ዝግ ነው።

ስምንት ወር ሆነው። የላካት ደላላ አላውቅም ይላል፤ አሠሪዋ "ልጅቷ ጠፍታለች" ብላ ስልኩን ዘግታለች። ሰማታር መንገድ ላይ ሲያየው አቅጣጫ ይቀይራል፤ ምስኪን፣ ምን አጠፋ? ሃሊሞ አንድ ቀን እንኳ "ነግሬህ አልነበር?" አላለችውም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር፤ እሱም ይህን ያውቃል።

ቬንቲላተሩ ይሽከረከራል። ስልኩ ከመቶ ወርዶ አያውቅም። አርብ አርብ ከጁምዓ መልስ ዒብራሂም ከሃሊሞ ጎን ይቀመጥና ያንኑ መልእክት ይጽፋል፦

"አልዘጋሁብሽም ልጄ። ክፍት ነው። ነይ።"

አልደረሰም ይለዋል ስልኩ።