ትንፋሼን ያልያዝኩ ቀን

ባለፈው ሰኔ ልጄን ልጠይቅ ወደ ዛሪማ ስወርድ፣ ሊማሊሞ መሃል አውቶቡሳችን ሽቅብ ከሚመጣ ከባድ መኪና ጋር ተፋጠጠ። ሹፌራችን ወደ ኋላ ማለት ጀመረ። በመስኮት ባይ መሬት የለም፤ ጉም ብቻ። የኋላው ጎማ ጠጠር ቁልቁል ሲያንከባልል ሰማሁ። አጠገቤ ያለችው ሴት ክንዴን ጨምድዳ፣ «ትንፋሽሽን ያዢ! መኪናው እንዳይነቃነቅ!» አለችኝ። እንዲህ ባለ ሰዓት ሳቅ ይመጣል? እኔን መጣኝ። አንድ ጊዜ ያዢ ተብዬ ባለመያዜ፣ ቁሜ ተቀብሬ ነበርና።

ያኔ ልጄ ጡት ከተወች ገና ነው። በገብስ አጨዳ የጀመረኝ ሳል እስከ ሁዳዴ አልለቀቀኝም። ደባርቅ አዩኝና ጎንደር ላኩኝ። እዚያ ሳንባዬን ሲቲ ስካን በሚሉት ትልቅ ማሽን አንስተው ከታች በኩል አንዲት ነጥብ አገኙ። «የቆየ ቁስል ጠባሳ ሳይሆን አይቀርም፤ ለማንኛውም ከክረምቱ በኋላ ደግመን እንየው» አሉኝ። ሳሉም በመድኃኒት ተወኝ፤ ክረምቱን ስዘራ ሳርም ነገሩን ረሳሁት።

ጥቅምት ላይ ከባሌ ከደምሴ ጋር ወደ ጎንደር ተመለስን። ደምሴ ዳባት ላይ የገዛውን የባቄላ እሸት እየፈለፈለ፣ መንገዱን ሙሉ ሲያጎርሰኝ ሄደ።

ማሽኑ ትልቅ ቀለበት ነው። አልጋው ወደ ውስጥ ሲያስገባኝ ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ «ሰላም ለኪ» እላለሁ። የደረስጌ ቄስ ልጅ ነኝ፤ ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል ባያልፍም አባቴ አንድ ነገር አስይዞኛል፦ የተጀመረ ጸሎት መሃል ላይ አይቆረጥም። እናቴ እንኳ ወተቱ እየገነፈለ ጸሎቷን ትጨርስ ነበር። ድምፅ ማጉያው «ትንፋሽ ያዢ» ሲለኝ እኔ ገና እኩሌታው ላይ ነበርኩ። ከንፈሬን ገጥሜ በሆዴ ቀጠልኩ፤ ትንፋሼም አብሮኝ ቀጠለ።

ሐኪሟ ስታስጠራን ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ኮምፒውተሩ ለክቶታል፤ ነጥቡ አድጓል» አለች። «ልሙጥ የነበረው ጠርዙም ሻክሯል። እንዲህ ሲሆን ካንሰር እንጠረጥራለን። ለቀዶ ጥገና አዲስ አበባ ልንልክሽ እንችላለን።»

ደምሴ ባቄላውን እንደጨበጠ ቀረ። እኔ የታየኝ የልጄ ጸጉር ነው። ማን ሊሠራት ነው? አልኩ። አላለቀስኩም፤ እንባም እንደ ሰው ይደነግጣል መሰለኝ።

ሐኪሟ ፎቶውን ደግማ ስታይ ቆየችና ፊቷን አኮማተረች።

«ቆይ እስቲ። የጎድን አጥንትሽ ለምን ሁለት ሁለት ሆነ? ስትነሺ ተንፍሰሻል እንዴ?»

«ኧረ እኔ አልተነፈስኩም! ጸሎት ላይ ነበርኩ።»

«ጸሎትሽ ትንፋሽ የለውም?»

ደምሴ ጣልቃ ገባ፦ «ዶክተር፣ ይቺ ሴት ጀምራ መተው አታውቅም። ጠብም ቢሆን።»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጠች። «ወራጅ ውሃ ውስጥ ጠጠር አይታችሁ የለ? ውሃው ሲናወጥ ጠጠሩ ይሰፋል፣ ጠርዙም ይጠፋል። የሳንባ ታችኛው ክፍል በየትንፋሹ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ነጥቡም አብሮ። ኮምፒውተሩ የሚለካው ያየውን ነው፤ እንቅስቃሴውንም እንደ እብጠት ይቆጥረዋል። እንደገና እናንሳሽ። አሁን ግን ጸሎትሽን ጨርሰሽ ግቢ።»

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እስከ አሜን ጨረስኩ፤ ጠበቁኝ። ከዚያ ገባሁና ትንፋሼን ያዝኩ። በዕድሜዬ ያለ ጸሎት የፈራሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«የመጀመሪያዋ ነጥብ ራሷ ናት» አለች ሐኪሟ። «አላደገችም።» በዓመቱም አዩኝ፤ እንደዚያው ናት። ድንጋጤው ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። አንዲት የአፍንጫ ትንፋሽ እናትን ከልጇ ልትለይ ምን ቀራት?

ከባዱ መኪና ታክኮን አለፈ። ሴትዮዋ ክንዴን ለቀቀች። እኔስ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ጸሎቴን ደባርቅ መናኸሪያ ጨርሼ ነው የተሳፈርኩት።

የዛሪማ ሙቀት ተቀበለኝ። ልጄ ጸጉሯን ፈትታ መንገድ ዳር ትጠብቀኛለች።

«እማዬ፣ ፊትሽ ምን ሆነ?»

«ምንም። ደህና ገብቻለሁ። ደህና ነኝ» አልኳት። «ነይ ቁጭ በይ፣ ልሥራሽ።»